የትኛውን ዓምድ ማን ይንካ? የዳታቤዝ መዝገብን ካልተፈለገ ለውጥ የመጠበቅ ታሪክ

ማርች 1 ቀን 2012 የፒኤችፒ 5.4 ስሪት ወጣ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በዚህ ስሪት «ሬጂስተር ግሎባልስ» የሚባለው አሮጌ አሠራር ከቋንቋው ጨርሶ ተወገደ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ማርች 4፣ ኤጎር ሆማኮቭ የተባለ ወጣት ሩሲያዊ ፕሮግራመር ጊትሃብ ላይ በሚገኘው የሩቢ ኦን ሬይልስ (በሩቢ ቋንቋ የተሠራ የዌብ ፍሬምወርክ ነው) ዋና የኮድ ማከማቻ ውስጥ፣ አንዳችም ፈቃድ ሳይኖረው፣ የራሱን ኮድ አስገባ። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም። የአንዱ ቋንቋ ሰዎች ከብዙ ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ የቀበሩት ጥፋት ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ስም ይዞ በሌላ ቋንቋ ቤት ተገኘ። ይህ ጽሑፍ ጥፋቱ ከየት እንደመጣና ለምን ደጋግሞ እንደሚመለስ ይመረምራል።

መጀመሪያ ሆማኮቭ ያደረገውን ከቅርብ እንየው። የጊትሃብ ተጠቃሚ ኮድ ለመላክ «ፐብሊክ ኪ» የሚባለውን የኤስኤስኤች ቁልፉን በአንድ ቅጽ ላይ ያስመዘግባል። ገጹ ላይ የሚታዩት ሳጥኖች የቁልፉ መጠሪያና የቁልፉ ጽሑፍ ናቸው። ሰርቨሩ የመጣለትን ሁሉ በአንድ ጥቅል ተቀብሎ በዳታቤዙ ውስጥ ባለው የቁልፍ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መዝገቡ ግን በቅጹ ላይ የማይታይ ሌላ ዓምድም አለው፤ ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚናገረው የባለቤቱ ቁጥር ነው። ሆማኮቭ በሚልከው ጥቅል ላይ ያንን ዓምድ በስሙ ጠርቶ ጨመረበትና የአንድ የሬይልስ ቡድን አባልን ቁጥር ሞላ። ሰርቨሩ አልጠየቀም፤ ጻፈው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሆማኮቭ ቁልፍ በጊትሃብ ዓይን የዚያ ሰው ቁልፍ ሆነ። የይለፍ ቃል አልተሰበረም፣ ምስጠራ አልተፈታም፣ ኤስኪውኤል በጎን አልገባም። ሁሉም ነገር እንደተሠራው ሠራ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሆማኮቭ ነገሩን ለሬይልስ ሰዎች አመልክቶ ነበር። ያገኘው መልስ «ይህ የፍሬምወርኩ ሳይሆን የመተግበሪያው ገንቢ ኃላፊነት ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ ገንቢዎቹ ራሳቸው በሚጠቀሙበት ቤት አሳያቸው። በዚያው ዘዴ የተጻፈበት ቀን ከ1001 ዓመት በኋላ የሆነ አንድ አቤቱታም ከፍቷል፤ «የተፈጠረበት ጊዜ» የሚለው ዓምድም ክፍት ነበርና። ጊትሃብ ቀዳዳውን በዕለቱ ዘጋ፣ የሆማኮቭን መለያ አገደ፣ ብዙም ሳይቆይ መለሰለት፣ በቀናት ውስጥም ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ያስመዘገቧቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ አይተው እንዲያጸድቁ አስገደደ።

በወቅቱ ብዙ ሰው የተከራከረው ልጁ ትክክል አደረገ ወይስ አጠፋ በሚለው ላይ ነበር። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ላይ የትኛውን ዓምድ መቀየር እንደሚችል በጽሑፍ የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔውስ የት ተቀምጧል? በጊትሃብ ቤት መልሱ «የትም» ነበር። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ጥያቄ ከዚያ በፊት ከ35 ዓመት በላይ ቀድሞ በሚገባ ተመልሶ የነበረ መሆኑ ነው።

ኤድጋር ኮድ የሬሌሽናል ዳታቤዝን ሐሳብ ያሳተመው በ1970፣ በአይቢኤም የሳን ሆዜ የምርምር ማዕከል እየሠራ ነው። መረጃ በሰንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ ይቀመጥ፤ ተጠቃሚው ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ሳይጨነቅ በስሙ ይጥራው አለ። እዚያው ማዕከል ውስጥ ሐሳቡን ወደ ሥራ ለመለወጥ ሲስተም አር የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለው ቋንቋም የተወለደው ከዚሁ ነው። ወዲያው አንድ ተግባራዊ ችግር መጣ። የሠራተኞች ሰንጠረዥ አንድ ነው፣ የሚጠቀሙበት ክፍሎች ግን ብዙ ናቸው። አድራሻና ስልክ የሚያድሰው ጸሐፊ በዚያው ረድፍ ላይ ያለውን ደመወዝ መንካት የለበትም። ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ብትከፍትለት ደመወዙም ይከፈታል፤ ብትዘጋበት ሥራው ይቆማል።

በ1976 ፓትሪሺያ ግሪፊትስ እና ብራድፎርድ ዌድ ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት አሳተሙ። ግራንት እና ሪቮክ የሚባሉት ትእዛዞች በዝርዝር የተተነተኑት በዚያ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ በግሱም ይለያል፤ ማንበብ፣ ማስገባት፣ መሰረዝ፣ ማሻሻል። የማሻሻል ፈቃድ ደግሞ ለሰንጠረዡ በሙሉ መሆኑ ቀርቶ ስማቸው ለተጠቀሰ ዓምዶች ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ፈቃድ የተቀበለ ሰው ለሌላ ያስተላልፍ ዘንድ ሊፈቀድለት ይችላል፤ የመጀመሪያው ሲነሳበት ከእርሱ የወረደውም አብሮ ይነሳል። ሦስቱን ነገሮች ልብ በሉልኝ፤ ሰው፣ ግስ፣ ዓምድ። በጊትሃብ ቅጽ ላይ የጎደለው ሦስተኛው ነው፤ ሦስተኛው ግን ሲስተም አር ገና በሙከራ ላይ ሳለ ተጽፎ ነበር።

ይህ ሐሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ያስረዱት በ1987 የኤምአይቲው ዴቪድ ክላርክ እና የሂሳብ ድርጅት ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ዊልሰን ናቸው። እስከዚያ ድረስ የኮምፒዩተር ደኅንነት ጥናት በአብዛኛው የወታደር ቤት ሥራ ነበር፤ የሚያስጨንቀውም ሚስጥር እንዳይወጣ ነው። ክላርክና ዊልሰን የንግዱ ዓለም ዋና ጭንቀት ሌላ ነው አሉ፤ መዝገቡ እንዳይበላሽ፣ ማንም ሰው የማይገባውን ቁጥር እንዳይለውጥ። መልሱን የወሰዱት ከሂሳብ አያያዝ ነው። ተጠቃሚው መረጃውን በእጁ አይነካም፤ የሚነካው በታወቀና በተፈተሸ የአሠራር መንገድ በኩል ብቻ ነው። አንድ ሥራ ከጅምር እስከ ፍጻሜ በአንድ ሰው እጅ አይውልም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ ዕቃ ጠያቂው ሞዴል 20 ይሞላል፣ ወጪውን በሞዴል 22 የሚያሰፍረው ግን ንብረት ክፍሉ ነው። ጠያቂው የወጪውን ቅጽ አንስቶ የወጣውን ብዛት ራሱ እንዲጽፍ የሚፈቅድ ኦዲተር የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት የት ሄደ? አልጠፋም። ዌብ ሲመጣ ግን መቆለፊያው ሥራ ፈታ።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሲስተም አር ሰዎች ያሰቡት እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ወደ ዳታቤዙ እንደሚገባ ነው። ከ1993 ጀምሮ በሲጂአይ አማካይነት ዌብ ሰርቨሮች ከፕሮግራሞችና ከዳታቤዞች ጋር መነጋገር ሲጀምሩ ያ ግምት ፈረሰ። አንድ ገጽ በሺህ የሚቆጠሩ የማይታወቁ ሰዎች ይጎበኙታል። ለእያንዳንዳቸው የዳታቤዝ መለያ መክፈትም ሆነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት መዘርጋት ውድ ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ መለያ፣ በመተግበሪያው ስም፣ እንዲገባ ተደረገ፤ ተከፍተው የቆዩ ግንኙነቶችንም በጋራ ይጠቀማል። ያ መለያ የሁሉንም ሥራ መሥራት ስላለበት የሁሉንም ዓምድ ፈቃድ ይዟል። ዳታቤዙ ከዚያ በኋላ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም። ጸሐፊውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ከውጭ የመጣው እንግዳም ለእርሱ አንድ ሰው ናቸው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በዓምድ ደረጃ ፈቃድ መስጠት የጀመረው በ2009 በ8.4 ስሪቱ መሆኑ ራሱ፣ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ምን ያህል ፈላጊ እንዳልነበረው ያሳያል።

ጥበቃው ወደ ፕሮግራሙ ኮድ ተዛወረ ማለት ነው። ኮዱን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ሲያስብ ይውላል። የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ሱቆች የዕቃውን ዋጋ በገጹ ውስጥ በስውር ሳጥን አስቀምጠው፣ ገዢው ትእዛዙን ሲልክ አብሮ እንዲመለስ ያደርጉ ነበር። ስውር ሲባል ዓይን አያየውም ማለት ብቻ ነው፤ ገጹን ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ገልብጦ ቁጥሩን ቀይሮ የሚልክ ሰው ዕቃውን በፈለገው ዋጋ ያዝዛል። በ2000 መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ሴኪዩሪቲ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በርካታ የመሸጫ ሶፍትዌሮች በዚህ ዘዴ እንደሚታለሉ በይፋ አስጠንቅቋል። እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ሥር ነው፤ ሰርቨሩ የላከው ቅጽ ሳይለወጥ ይመለስልኛል ብሎ ማመን። ቅጹ ግን ከሰርቨሩ ከወጣ በኋላ የተቀባዩ ነው።

ሬጂስተር ግሎባልስም የዚሁ እምነት ልጅ ነው። በፒኤችፒ የተላከ ማንኛውም የቅጽ መረጃ፣ በአድራሻው መስመር ላይ የተጻፈውም ጭምር፣ በቀጥታ የፕሮግራሙ ተለዋዋጭ ይሆን ነበር። ፕሮግራመሩ «ተፈቅዷል» የሚል ተለዋዋጭ ካለውና መነሻ ዋጋ መስጠት ከረሳ፣ ጎብኚው በአድራሻው ላይ «ተፈቅዷል እኩል ይሆናል 1» ብሎ ጽፎ ይገባል። በአፕሪል 2002 የወጣው 4.2 ይህን አሠራር ከመነሻው ዘግቶ መጣ። ጨርሶ እስኪወገድ ግን አሥር ዓመት ፈጀ፤ ብዙ የተሠሩ ገጾች ያለ እርሱ አይቆሙም ነበርና።

ከዚያ ሬይልስ መጣ። ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው፣ በዲሴምበር 2005 ደግሞ 1.0 የደረሰው ይህ ፍሬምወርክ ለዌብ ሥራ ያደረገው ውለታ ትልቅ ነው፤ እኔም ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከእርሱ በፊት አንድ ቅጽ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥን ካለ ፕሮግራመሩ አሥራ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ስሙን ውሰድ፣ መዝገቡ ላይ አድርግ፤ ስልኩን ውሰድ፣ መዝገቡ ላይ አድርግ። አሰልቺ ነው፣ ስህተትም ይበዛበታል። ሬይልስ የዳታቤዙን ሰንጠረዥ ራሱ አንብቦ ዓምዶቹን ያውቃል። ከቅጹ የመጣውን ጥቅል ለመዝገቡ ስትሰጠው ስም ከስም እያገናኘ በአንድ መስመር ያሰፍረዋል። ዛሬ አንድ ዓምድ ብትጨምር ሌላ ኮድ ሳትነካ ነገ ቅጹ ላይ ይሠራል።

ችግሩም ያለው እዚያው ምቾት ውስጥ ነው። እነዚያ አሥራ ሁለት አሰልቺ መስመሮች ሳይታወቅ አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ የተፈቀዱት ዓምዶች ዝርዝር ነበሩ። ማንም «ይህ የጥበቃ ዝርዝር ነው» ብሎ አልጻፋቸውም። በእነርሱ ውስጥ ያልተጠቀሰ ዓምድ ግን ከውጭ ሊነካ አይችልም ነበር። አሥራ ሁለቱ በአንድ መስመር ሲተኩ ዝርዝሩም አብሮ ጠፋ፤ ባዶ ቦታውን ያየ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ ሲፈጠርም ያየው የለም።

ሬይልስ መከላከያ አልነበረውም ማለት አይደለም። አንዳንድ ዓምዶችን ብቻ የሚከለክል ትእዛዝም፣ የተጠቀሱትን ብቻ የሚፈቅድ ትእዛዝም ነበረው። ሁለቱም ግን በፈቃደኝነት ነበሩ፤ የረሳ ክፍት ይሆናል። የከፋው ደግሞ ጊዜ የሚያመጣው ነው። አንድ ቡድን መተግበሪያውን ሲጀምር የተጠቃሚው ሰንጠረዥ ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ብቻ አለው እንበል፤ ሁሉም ቢከፈት የሚጎዳ የለም። ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ «አስተዳዳሪ ነው» የሚል ዓምድ ይጨምራል። የሚጨምረው በዳታቤዙ ፋይል ውስጥ ነው፤ ከስምንት ወር በፊት የተጻፈውን የመቀበያ መስመር አያየውም፣ እንዲያይም የሚያስታውሰው የለም። ያ ዓምድ በተፈጠረበት ቅጽበት ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ቀዳዳው ያለው በሁለቱ ሥራዎች መካከል ነው። የጊትሃብ መሐንዲሶች በሬይልስ ከሚታወቁት ጎበዞች መካከል ነበሩ፤ «ገንቢው ይጠንቀቅ» የሚለው መልስ ያላዋጣውም ለዚህ ነው።

ከጊትሃቡ ድንጋጤ በኋላ ሬይልስ ሐሳቡን ቀየረ። በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው 3.2.3 በአዲስ የሚጀመሩ መተግበሪያዎች ሁሉ የተፈቀዱትን ዓምዶች በግልጽ እንዲዘረዝሩ የሚያስገድድ ሆነ። በጁን 2013 የመጣው ሬይልስ 4 ደግሞ «ስትሮንግ ፓራሜተርስ» የተባለውን አሠራር መደበኛ አደረገ። በዚህ ለውጥ ውስጥ የፈቃዱ ዝርዝር ከመዝገቡ ገለጻ ተነሥቶ ጥያቄውን ወደሚቀበለው ክፍል፣ ወደ ኮንትሮለሩ፣ ተዛወረ። ይህ የቦታ ለውጥ ትልቅ ነገር ነው። መዝገቡ ማን እንደሚጠይቀው አያውቅም፤ ኮንትሮለሩ ግን ያውቃል። ያው የተጠቃሚ መዝገብ ባለቤቱ ሲመጣ ሦስት ዓምድ፣ አስተዳዳሪው ሲመጣ ሰባት ዓምድ ሊከፍት ይገባል። ሰው፣ ግስና ዓምድ እንደገና አንድ ቦታ ተገናኙ።

ሌሎቹም ፍሬምወርኮች ተከተሉ። ጃንጎ ከመዝገብ የሚወለዱ ቅጾች ዓምዶቻቸውን ሳይዘረዝሩ እንዳይሠሩ በ1.6 ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ በ1.8 ጨርሶ ከለከለ። ላራቬል የሚሞሉትን ዓምዶች ወይም የሚጠበቁትን እንድታስታውቅ ይጠይቅሃል።

እዚህ ላይ «የሚጠበቁትን» በሚለው ምርጫ ላይ ልቆይ። የተከለከሉትን መዘርዘርና የተፈቀዱትን መዘርዘር ለብዙ ሰው የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ይመስለዋል። የጃቫው ስፕሪንግ ታሪክ ይህን ያህል እንደማይቀራረቡ ያሳያል። ስፕሪንግም ከቅጽ የመጣን ጥቅል በስም እያገናኘ ወደ ኦብጀክት ይሞላል፤ በነጥብ እየተያያዙ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ስሞችንም ይቀበላል። በጃቫ እያንዳንዱ ኦብጀክት ክፍሉን የሚናገር «ክላስ» የሚል ንብረት አለው። በ2010 አንድ ተመራማሪ በዚያ ንብረት በኩል ወደ «ክላስ ሎደር» መግባትና ሰርቨሩ ላይ የራሱን ኮድ ማስኬድ እንደሚቻል አሳየ። ስፕሪንግ ያንን መንገድ በስሙ ጠርቶ ከለከለ፤ የተከለከሉ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ጨመረ ማለት ነው። መስመሩ በጊዜው ትክክል ነበር። በ2017 ግን ጃቫ 9 መጣና ለክላሱ «ሞጁል» የሚባል አዲስ ንብረት ሰጠው። በሞጁሉ በኩል ወደዚያው ክላስ ሎደር ይደረሳል። በማርች 2022 ስፕሪንግ ፎር ሼል ተብሎ ዓለምን ያስጨነቀው ቀዳዳ ይኸው ነበር፤ ማስተካከያው 5.3.18 እና 5.2.20 ሆኖ በወሩ የመጨረሻ ቀን ወጣ። የስፕሪንግ ሰዎች አሮጌውን መስመር አልነኩትም፣ የጃቫ ሰዎችም ስፕሪንግን ለመጉዳት አላሰቡም። የተከለከሉ ዝርዝር ሌላ ቤት ውስጥ የሚከፈት በርን ሊያውቅ አይችልም። የተፈቀዱ ዝርዝር ግን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ያልተጠራ ሁሉ ዝግ ነው። በዚህ ላይ እኔ ሁለት ሐሳብ የለኝም።

በ2010ዎቹ ቅጾች ለኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር ለሚነጋገርበት መንገድ፣ ቦታ ለቀቁ። የስልክ መተግበሪያውም፣ በአሳሹ ውስጥ የሚሮጠው ገጽም ከሰርቨሩ ጋር በጄሰን ይነጋገራሉ፤ መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ይወርዳል፣ ተስተካክሎ ይመለሳል። ይህ ለአጥቂው አንድ ድካም ቀነሰለት። በቅጽ ዘመን የስውሩን ዓምድ ስም መገመት ነበረበት፤ አሁን ኤፒአዩ ራሱ ይነግረዋል። የራሱን መዝገብ ሲያነብ «ሚና፦ ደንበኛ»፣ «ሂሳብ፦ 0»፣ «ተረጋግጧል፦ አይደለም» የሚሉትን አብሮ ያያል። እነዚያኑ ስሞች ይዞ፣ ዋጋቸውን ብቻ ቀይሮ መላክ ይቀረዋል።

የኤችቲቲፒ ግሶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። «ፑት» አንድን ነገር ሙሉ በሙሉ በሌላ መተካት ነው፤ ስለዚህ ደንበኛው የማይመለከቱትን ዓምዶችም ይዞ እንዲመጣ ይጋብዛል። በከፊል ለመለወጥ የሚያገለግለው «ፓች» በማርች 2010 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ይህ የተሻለ ነው፤ ሰርቨሩ የትኞቹ ዓምዶች እንዲለወጡ እንደተጠየቀ በግልጽ ያያልና። ማየቱ ግን በራሱ ጥበቃ አይደለም፤ ሊፈትሽ ለሚፈልግ ሰው ሥራውን ያቀልለታል እንጂ።

የዌብ ደኅንነት ማኅበሩ ኦዋስፕ በ2019 ለኤፒአይ ብቻ ባወጣው የአሥር አደጋዎች ዝርዝር ያልተፈቀደ ዓምድ ከውጭ የመሞላቱን ጉዳይ በስድስተኛ ቁጥር አስቀመጠው፤ ከሚገባው በላይ መረጃ ማውጣትን ደግሞ ለብቻው በሦስተኛ። በ2023 ሁለቱን አዋሕዶ በሦስተኛ ቁጥር ላይ «በንብረት ደረጃ የተሰበረ ፈቃድ» በሚል መጠሪያ አወጣቸው። ውሕደቱ ልክ ነው እላለሁ። አንድን ዓምድ ማን ያያል፣ ማንስ ይለውጣል የሚሉት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚወሰኑ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱን ያልወሰነ ቡድን ሌላውን የሚወስንበት ዕድል ትንሽ ነው።

ብዙ ቡድኖች ኤፒአያቸውን በኦፕን ኤፒአይ ሰነድ ሲገልጹ «ለማንበብ ብቻ» የሚል ምልክት በዓምዱ ላይ ያደርጉና ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ያ ምልክት ደንበኛው ዓምዱን መላክ እንደሌለበት ይናገራል፤ ሰርቨሩ ሲላክለት ምን እንደሚያደርግ ግን አይወስንም። ሰነዱን አንብቦ የሚፈትሽ ነገር ከፊት ካልቆመ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ፌስቡክ በ2015 ለሕዝብ የለቀቀው ግራፍ ኪውኤል በዚህ ረገድ የተሻለ ተፈጥሮ አለው። የሚገባው መረጃ ዓይነትና የሚወጣው መረጃ ዓይነት በቋንቋው ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሚገባው ዓይነት ላይ ያልተገለጸ ስም የያዘ ጥያቄ ገና ከበሩ ይመለሳል። ጠያቂው በአንድ ቅጽ፣ ንብረት ክፍሉ በሌላ ቅጽ እንደማለት ነው። በሌሎቹም ኤፒአዮች ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን የመቀበያ ዓይነት በእጅ መጻፍ ይቻላል። አሥራ ሁለቱን አሰልቺ መስመሮች መመለስ ነው፤ አሁን ግን ለምን እንደሚጻፉ አውቀን።

ሕጉም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ የኮምፒዩተር ዳታን ሆን ብሎ መለወጥን በወንጀል ያስቀጣል። የሰው መዝገብ ከፍቶ ገንዘብ የሚወስድን ሰው ለመክሰስ ይህ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን «ከተሰጠ ፈቃድ በላይ» ለማለት የተሰጠው ፈቃድ አንድ ቦታ ተጽፎ መገኘት አለበት። አንድ ድርጅት ለደንበኛው መዝገቡን እንዲያስተካክል መንገድ ከፍቶ፣ የትኛውን ዓምድ እንደፈቀደለት በኮዱም በውሉም ሳይጽፍ ቢቀር፣ ወሰኑን ለፍርድ ቤት የሚያሳየው በምኑ ነው? የተፈቀዱት ዓምዶች ዝርዝር ከጥበቃነቱ ሌላ ማስረጃም ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ዳታቤዙ እየተመለሰ ነው። ፖስትግሬስ በ2016 መጀመሪያ በ9.5 ስሪቱ በረድፍ ደረጃ የሚሠራ የፈቃድ ሥርዓት አመጣ። ሱፓቤዝን የመሰሉ አገልግሎቶች በዚህ ላይ ተደግፈው መካከል ላይ ያለውን የሰርቨር ኮድ ብዙውን ጊዜ አስቀሩት። አሳሹ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ኤፒአይ ይደውላል፤ ዳታቤዙም ከጥያቄው ጋር ከመጣው ቶከን ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ያውቃል። ለግሪፊትስና ለዌድ ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር፤ ከ40 ዓመት በኋላ ዳታቤዙ የሚያናግረውን ሰው እንደገና አወቀ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበትም እዚሁ ነው። «ተጠቃሚው የራሱን ረድፍ ብቻ ያሻሽል» የሚል ደንብ ይጽፋሉ። ደንቡ በትክክል ይሠራል፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ አይነካም። የራሱ ረድፍ ላይ ግን «ሚና» የሚል ዓምድ አለ። የረድፍ ደንብ ስለ ረድፍ እንጂ ስለ ዓምድ አይናገርም። ተጠቃሚው የራሱን ረድፍ ከፍቶ ራሱን አስተዳዳሪ ያደርጋል፤ ደንቡም ይፈቅድለታል፣ ረድፉ የእርሱ ነውና። መፍትሔው ለሰንጠረዡ በሙሉ የተሰጠውን የማሻሻል ፈቃድ አንሥቶ፣ በስም ለተጠሩ ዓምዶች ብቻ መልሶ መስጠት ነው፤ ወይም «ሚና» የሚለውን ወደ ሌላ ሰንጠረዥ ማውጣት። የመጀመሪያው ቃል በቃል የ1976ቱ ትእዛዝ ነው። የጉግሉ ፋየርስቶርም በደንብ ቋንቋው የተለወጡትን ዓምዶች ለይቶ «ከእነዚህ ውጭ አይሁን» የሚል መስመር ለመጻፍ ያስችላል፤ መስመሩን ካልጻፍከው ግን በራሱ አይመጣም።

አንድ ኤፒአይ በዚህ ረገድ የት እንደቆመ ለማወቅ የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው። በተራ ተጠቃሚ ስም ግባና የራስህን መዝገብ አንብብ። የወጡትን ዓምዶች ሁሉ፣ ቅጹ ላይ የማይታዩትንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ዋጋቸውን ቀይረህ በፓች መልሰህ ላክ። ከዚያ መዝገቡን እንደገና አንብብ። ሰርቨሩ 200 ብሎ መመለሱን እንደ ማስረጃ አትውሰድ፤ ዓምዱን ጽፎትም ሊሆን ይችላል፣ ጥሎትም ሊሆን ይችላል። ስትሮንግ ፓራሜተርስ ያልተፈቀደውን ዓምድ ከመነሻው በዝምታ ነው የሚጥለው፤ ጥያቄውን በስህተት እንዲያስቆመው ከተፈለገ በቅንብሩ ውስጥ መታዘዝ አለበት። እኔ ስህተቱን እመርጣለሁ። በዝምታ የሚጣል ዓምድ ሐቀኛውን ገንቢ «ለምን አልተቀየረም» እያሰኘ ግማሽ ቀን ያለፋዋል፤ አጥቂውንም ያለ ማንም ዕውቀት እስኪሰለቸው እንዲሞክር ይተወዋል። በስህተት የሚመለስ ጥያቄ ግን ከተጠቃሚው ቁጥርና ከዓምዱ ስም ጋር ሎጉ ላይ ይሰፍራል፤ ማለዳ ሎጉን የሚያነበው ሰው «ሚና» የሚለውን ዓምድ ሌሊቱን ሲሞክር ያደረው ማን እንደሆነ ያገኛል።